ምርቃት

ሐሙስ ነው፤ ገበያ።
ባለቤቴ ዝርዝሩን በደረሰኝ ጀርባ ጽፋልኛለች፦
ሽንኩርት ሁለት ኪሎ፣ ቲማቲም አንድ፣ ድንች፣
ጥቅል ጎመን — «ጠንካራውን! እንደ ባለፈው እንዳትታለል» —
ግርጌው ላይ፣ በሌላ ቀለም፣
«እጁን አትልቀቅ።»

ከባጃጁ ስንወርድ ሁለት ጣቶቼን ያዘ።
ሙሉ እጅ ለመያዝ ገና ነን፤
ከመጣ አርባ ቀኑ ነው፣
እስካሁን «አንቱ» ይለኛል፤ እንደ ዘበኛው፣ እንደ ዶክተሩ።
ስሙን ይዞ ነው የመጣው፦ ሌዳሞ።
ስሙን አልነካንበትም።

ይቆጥራል። ያየውን ሁሉ ይቆጥራል፦
የአህያ ጋሪ፣ ጃንጥላ፣
መብራት ምሰሶ ላይ የቆሙ አባ ኮዳዎች።
«አምስት ናቸው» አለ፤
ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ እንዳይሰሙት፣
«ሁሉም መላጣ ናቸው።»

ሙዝ ተራ፣ ሻጩ ጎንበስ ብሎ፣
«ስንት ላድርግልህ፣ ጌታው?» ቢለው
«አሥራ አራት» አለ።
እኛ ቤት ሦስት ነን።
አሥራ አራት ማን እንደሆኑ ዘግይቶ ገባኝ፦
እዚያ፣ ግቢው ውስጥ፣ ባንድ ክፍል የሚያድሩት።
አላረምኩትም። አሥራ አራት ገዛሁ፣ ከዝርዝሩ ውጭ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።
ጨርቅ በጣቴ አውቃለሁ፤ ቲማቲም አላውቅም።
ወይዘሮ ዘርትሁን ቁልል ፊት ተቀምጬ
አገላብጣለሁ፣ ጫን አደርጋለሁ፣
ደህናውን ወደ ሳህኑ፣ ጠባሳ ያለበትን ወደ ቦታው።
እጄን አየ።
ከዚያ የመለስኳቸውን አየ።

«እኔንም እንደዚህ ነው የመረጣችሁኝ?»

ገበያው ዝም አላለም።
«ቀይ ሥር! ቀይ ሥር!» ትላለች አንዷ፣
ባጃጅ ይጮኻል፣ የሐዋሳ ፀሐይ ማጅራቴ ላይ ተቀምጣለች፣
እኔ ሜትሩ እንደጠፋበት ሰፊ
መልስ መለካት አቃተኝ።
ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ተራ ጠበቅን ልበለው?
ደመወዛችንን ጠየቁ፣ ደማችንን ቀዱ፣
ጣራችን ያፈስ እንደሆነ ቀና ብለው አዩ ልበለው?

«እኛ ነበርን ቲማቲሞቹ» አልኩት።
አሰበበት። «ማን ነው ጫን ያደረጋችሁ?»
«መንግሥት።»
ወይዘሮ ዘርትሁን ሚዛኗን ይዛ ሳቀች።

«መርቂልኝ እንጂ» አልኳት፣ ባለቤቴ እንዳስጠናችኝ፤
ድምፄ ግን የለማኝ ሆነ።
ከመለስኳቸው አንዷን፣ ጎኗ የጠቆረውን፣
አንስታ ፌስታሉ ውስጥ ጣል።

«ምርቃት ምንድነው?»
«ከገዛኸው በላይ የሚሰጡህ። ሚዛን ላይ የማይወጣ።»
«ያልመረጡት?»
«ያልመረጥኩት።»

ቲማቲሟን አወጣት፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት።
ኪሱ አልከተታትም
(ዳቦውን እንደሚያደርገው፣ ሌሊት፣ ትራሱ ሥር)፤
ነከሳት። ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ።
«እንካ» አለኝ።
የሰጠኝ ግማሽ የጠቆረው ነበር።
በላሁት።

ጎመኑን ረሳነው።
ባጃጅ ውስጥ፣ ሙዙ ጭኔ ላይ፣
በጣቶቹ ሲቀንስ ቆየ፦
«ሦስት ለእኛ። አሥራ አንድ ይተርፋል።»
«ይተርፋል» አልኩ።
«ለነሱስ ማን ይመርቅላቸዋል?»

ባጃጁ ወደ ሐይቁ መንገድ ታጠፈ።
ዝርዝሩን ከኪሴ አወጣሁ፣
የማነብ መስዬ።