መልስ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከሳቮና በላይ፣
ፊዮሬንዞ የኬላ ቀራጭ ነበረ፣
በመስታወት ጎጆ እጅ ሲያይ የኖረ።
ጓንት ያጠለቀ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል፣
ሳንቲም እያንጠባጠበ ይቅርታ የሚል።
አንዲት ሴት ነበረች፣ በየሐሙስ ማታ
ከገንዘቡ ጋራ መንደሪን የምታቀብለው፤
ስሟን አያውቀውም፣
የአውራ ጣቷን ጠባሳ ግን ዛሬም አልረሳው።

ዛሬ ከልጁ ጋር፣ ከኖኤሚ ጎን፣
ተቀምጦ ሲያልፍ ያንኑ መንገዱን፣
መኪናዋ ሳትቆም፣ ፍጥነት ሳትቀንስ፣
"ሦስት ዩሮ ከሃያ፣ ተከፍሏል" አለች፤
"ከፊት ማደያ አለ፣ ሳንድዊች ልዘዝ?" ብላ አከለች።

"ለማን ነው የከፈልሽ?"
አላት ሽማግሌው።
"ጥያቄው አልገባኝም።"
ኖኤሚ ሳቋ አመለጣት፦ "አባዬ፣ ማሽን እኮ ነው!"

ጎጆው እንደታሸገ፣ ወንበሩም እንዳለ፣
በጎን መስታወቱ ብልጭ ብሎ አለፈ።
ፊዮሬንዞ በቀስታ መስኮቱን አወረደ፤
በከፋዩ ወገን ተቀምጦ አያውቅም፣
መዳፉን ዘርግቶ ነፋሱን ዳሰሰ፣
መልስ እንደሚጠብቅ
ሰው።

"የቀኙ መስኮት ክፍት ነው" አለች መኪናዋ።