የመግቢያ ዓረፍተ ነገር

«አንድ ዓረፍተ ነገር» አሉኝ፣ «ስብሰባው ሲከፈት የሚነበብ፣
ከውጭ እንግዳ ስላለ፣ አጠር ብሎ ልብን የሚስብ፣
የቆምንበት መሬት የማን እንደሆነ እውቅና የሚሰጥ፣
ግን ደግሞ፣ መቼም ይገባሻል፣ ማንንም የማያስደነግጥ።»

መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ከሾላው ማዶ ሐይቁ ይታያል፣
የዓሣ አስጋሪ ታንኳ እንደ ሰረዝ ውሃው ላይ ተጋድሟል።
«ይህ የሲዳማ ምድር ከጥንት ጀምሮ…» ጻፍኩ፤ መልሼ ሰረዝኩት፤
«ጥንት» ያልነው ሰው ኪራይ አይጠይቅም፣ ለዚህ ነው የፈራሁት።
«አባቶች» አልኩ፣ «ባለአደራ»፣ «ክብር»፣ «ምስጋና»፤
ሁሉም የታጠበ ብርጭቆ፣
ውሃ ያልተቀዳበት ገና።

የሥፍራውን የድሮ ስም ላጣራ ወደ በሩ ወረድኩ፤
ጋሽ ዳንጊሶ፣ ዘበኛው፣ የሾፌር ወገብ ሲፈትሹ ደረስኩ።
«የድሮ ስም?» አሉ። «ለእናንተ ነው እንጂ የድሮ፣
እኛ ቤት ማታ ማታ ይጠራል፣ ከእራት ጋር አብሮ።»

ብረት መፈተሻውን እንደ ከዘራ ዘርግተው ግቢውን አሳዩኝ፦
«አዳራሹ፣ ጥጆች የሚያድሩበት። መኪና የምታቆሙበት፣ እንሰት፤
ሦስት ረድፍ። አንዱን እናቴ በእኔ ስም ተክላው
በቁመት ቀድሞኝ ነበር፣ እኩያዬ።
ጀነሬተሩ ያለበት ደግሞ እትብቴ…»
መብራት ሄዶ ኖሮ ጀነሬተሩ ተነሣ።
እስኪያቆም ሁለታችንም ዝም አልን።
እሳቸው ካቆመ በኋላም ዝም እንዳሉ ነበሩ።

«ሲወስዱት ገንዘብ ሰጥተዋል፤ ሐሰት አልናገርም፣
ሃላሌ የሚባል አለ እኛ ዘንድ፤ መሬት እየሰማ አይዋሽም።
ባጃጅ ገዛን። ባጃጁ ጥቁር ውሃ ጋ ተገለበጠ፤
ወንድሜ ወደ ቱላ ሄደ፤ ለእኔ የጥበቃ ፎርም ተሰጠ።
‹የሥራ ልምድ› ይላል። ‹ይህንኑ መሬት፣ አርባ ዓመት› አልኩ።
ልጅቷ ሳቀች።
ክፍት ቦታው ላይ ‹የለም› ብላ ሞላች።»

«አንቺስ ምን ልትጽፊ ነው?»
«እውቅና ልንሰጥ ነው» አልኩ፤ ቃሉ
እንደ ቆሎ ውስጥ ጠጠር ጥርሴን መታኝ።
«ለማን?»
«ለባለቤቶቹ።»
ዞር ብለው ወደ ኋላቸው ተመለከቱ፣
ሰው የመጣ መስሏቸው።

ማታ ሁሉንም ደምስሼ ይህን ብቻ ጻፍኩ፦
ዳንጊሶ ቱንሲሳ እዚህ ግቢ ተወለዱ። አሁን በር ላይ ናቸው።
ስብሰባው የሚጀመረው እሳቸው ገብተው ሲቀመጡ ነው።
ሥራ አስኪያጁ አነበበው፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትሕትና፤
«ቆንጆ ነው» አለ፣ «ግለሰብ ግን አይጠቀስ፤ ‹ማኅበረሰቡ› በሚል ይተካና…»

ተተካ። ተነበበ። ተጨበጨበ፣ ረጅም፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ።
ጋሽ ዳንጊሶ ሰምተው፣ ስብሰባው ያለቀ መስሏቸው፣
ትልቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱ፤
መኪና እስኪወጣ ጠበቁ።
ማንም አልወጣም።
ከሐይቁ በኩል ነፋስ ብቻ ገባ፣
አጀንዳ ያልተያዘለት።

በነጋታው መታወቂያዬን ረሳሁ አልኩ። አልረሳሁም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።
ደንብ ደንብ ነውና የእንግዶችን መዝገብ አቀረቡልኝ፣
በሲባጎ ከታሰረ እስክሪብቶ ጋር።
ስም። ሞላሁ።
የመጡበት። አሥራ አንድ ዓመት ሐዋሳ ስኖር ማንም ያልጠየቀኝ፣
ወይም እኔ የሸሸሁት። የአባቴን ቀዬ ጻፍኩ፣ እጄ እየከበደኝ።
የሚጠይቁት ሰው።
ቱንሲሳ፣ ብዬ ጻፍኩ።
የአያታቸውን ስም አላውቅም።

ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።
ጣታቸው የአባታቸው ስም ላይ ቆመ።
«እሱ የለም» አሉ።
ቆየት ብለው፣ የፕላስቲክ ወንበራቸውን
በእጅጌያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው፣
«ጠብቂው» አሉኝ።