ጭራና መነሻ

የተረት ሥልጠና ነው፤ ቡሬ፣ ቀበሌ አዳራሽ፤
ሦስት ቀን፣ አንድ ደብተር፤ አበል የለም ጭራሽ።
አሠልጣኙ ምንይችል ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣
«መነሻ፣ መካከል፣ መድረሻ» አሰልፎ፣
«ተረክ በዚህ ይሄዳል» አለን፤ ጠመኔውን አራገፈ።

እኔ ግን ወፍጮኛ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ
ሞተሩ ሲያጓራ ሰዎች ሲያወጉ ዋሉ፤
ሞተሩ ሲቆም ግን ጭራው ይደርሰኛል፤
ራሱን ፈልጌ የት ይገኝልኛል?

አንጓች አንድ ክረምት ጆንያው ላይ ተቀምጣ፣
«በሩን ግን አልዘጋሁ» የሚል ከአፏ ወጣ።
ማን ሄደ? ማን ቀረ? ለመጠየቅ አፈርሁ፤
ያችን ቁራጭ ይዤ ስንት ዘመን ኖርሁ።

በሦስተኛው ቀን ላይ መብራት ድርግም አለ፤
«ተረኛው ማን ነው?» ሲል ምንይችል ቀጠለ።
ከጨለማው ጥግ አንጓች ጉሮሮዋን ጠረገች፤
«ወንድሜ ለሰሊጥ ቆላ የወረደ ለት...» ብላ ጀመረች።

አዳራሹ ሁሉ «ከዚያስ?» ይላል ጓጉቶ፤
የእኔ ዕንባ ግን ወረደ፣ ከመነሻው ተነሥቶ።

ሠርተፊኬቴ አሁን ወፍጮ ቤት ተሰቅሎ
ስሜን ዱቄት በላው።
ሰው ወሬ ሲጀምር፣ ሞተር ላስነሳ ስል፣
እጄ ይዘገያል።