ባለ አሥራ ስምንት

ከሌዱክ ነው የገዛችው፣ «ሚስቴ ሽጥ አለችኝ» ካለ ሰው፤
አራት ቸርኬ፣ ነሐስ ቀለም፣ በብርድ ልብስ እንደ ሕፃን ጠቅልላው።
የመጀመሪያ ደሞዟ ነው፣ የፋርማሲ፣ የሦስት ወር ማታ፤
ምን ልበላት? ከፊቴ ቆማ፣ ጥቁር ቅባት ጉንጯን ነክቶት፣ ኤፍራታ።

እኔ ሃያ አንድ በረዶ ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳሁ፣
መሪ የሚናገረውን፣ የሚደብቀውንም የለመድሁ፣
«ፋብሪካው ለክቶ ያለበሳትን ጫማ ምን አስቀየረሽ?» አልኳት።
«አባዬ፣ ጠቧት ነበር እኮ» አለች፤ ሳቋ አላስጨረሳት።

በዋይትመድ መንገድ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንበሩን ለኔ ለቀቀች።
ያቺ ማዝዳ፣ እኔው የሰጠኋት፣ ሌላ ሰው ትሰማ ጀመረች።
ቀኝ መስመር ላይ ከባድ መኪና ያረሰው ቦይ አለ፤
ሰፊው ጎማ ቦዩን ሲያይ
ወንዝ እንዳየ በሬ ጎተተኝ፤
መለስኩት፤ መለሰኝ፤
ደግሞ በግራ፤
እኔና መሪው ስንሟገት
እሷ ደመና ታያለች፣ ምስክር እንዳትጠራ።

ዘጠና አምስት ላይ ስደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ፤
መሪው እንደ ወባ በሽተኛ በእጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ላቤ እስኪወጣ፤
መቶ አሥር ሲሞላ ተወው፤ ወረድ ስል ተመልሶ መጣ።
«ይሄ ጌጥ ነው?» አልኩ። «ጌጥ ሰው እንዲህ ያንዘፈዝፋል?»
«ዝም ብለህ ንዳ አባዬ።» ልጅ ሲያድግ እንዲህ ያሳርፋል።

ሚልዉድስ ሄድን፣ ሃርጂንደር ዘንድ፤ በኛ አፍ ጎሚስታ ይባላል፤
ጥምጣሙ እንደ እሑድ ንጹሕ፣ ጢሙ ግን ግሪስ ይሸታል።
በክሪክ አንሥቶ፣ አንዱን ቸርኬ ፈቶ፣ ጣቱን በመሃል ቀዳዳው አዙሮ፣
«ሰፊ ነው» አለ፤ «ሞዞው ውስጡ ይዋልላል፤ ብሎን ብቻውን ይዞታል፣ ተቸግሮ።»
ከመሳቢያ ቀለበት አወጣ፤ ፕላስቲክ፣ ያንዷ ዋጋ ሦስት ዶላር፤
«ይህች ስላልነበረች ጎማሽ መሃሉን ሳያውቅ ይዞር ነበር።»

ከዚያ እጆቼን አይቶ፣ ሹፌር መሆኔን አውቆ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
«ቸርኬው ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል፤
መንገዱ መሪህን የሚጎትትበት ክንድ ረዝሟል።
መንቀጥቀጡን አዳንኩት። መጎተቱ ግን ባሕርዩ ነው።»
ስንት? አልኩት። አሥራ ሁለት። ለባሕርዩስ? ሳቀ፤ ዋጋ የለው።

በጋውን እንዲያው ሆነን ነዳን።
የጎማው ጉንጭ ስስ ነው፤ በኔና ባስፋልቱ መካከል ትራስ የለም፤
እያንዳንዱን ስንጥቅ፣ እያንዳንዱን ልጥፍ፣ የድልድዩን ጥርስ ስቆጥር ብከርም፣
ብነጫነጭም፣
መታጠፊያ ላይ ግን (ይህን ለኤፍራታ አልነገርኳትም)
ገና ሳስበው ትዞራለች።

ጥቅምት አጋማሽ፣ አየሩ በረዶ በረዶ ሲሸት፣ አንድ ማታ
እሷ ክሪክ፣ እኔ ቁልፍ ይዘን የፋብሪካውን ብረት ገጠምን፣ የበረዶ ጎማውን፤
ነሐሶቹን አጥባ፣ በዚያው ብርድ ልብስ፣ ጥግ ላይ ደረደረች ኤፍራታ።

በነጋታው መሪው ቀለለ። በአንድ ጣት ይዞራል።
ቦዩን አይሰማም፤ ስንጥቁን ይዘላል።
ስለምነው የከረምኩት ይኸው፣ መጣ፤
እንደ ባንክ ሠራተኛ «እሺ ጌታዬ» ይላል፣ ላልኩት ሁሉ፤
መንገዱ ከሥሬ ይኑር አይኑር፣ እጄ ጠፍቶበታል ውሉ።

ሰኞ አውቶቡሱን ይዤ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ
ሚያዝያ ስንት ሳምንት ቀረው ብዬ ቆጠርኩ፤
ኅዳር እንኳ አልገባም።

ማታ ጋራዥ ወረድኩ፣ አካፋ ላመጣ፤
ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ አንዱን ነካሁት፤ ቅዝቃዜው እስከ ክንዴ ወጣ።
«ምን ፈለግህ አባዬ?» ከበሩ።
«አካፋ።»
«በእጅህ ይዘኸው?»