የማን ውኃ ነው?

ሄርማታ ያለው ቤቴ፣ ከመንገዱ ዝቅ ያለው፣
ግድግዳው ሲያልበው «ዝናብ ነው» አልኩ እኔው።
ጅማ መቼ ጠፍቶት የሰማይ ቀዳዳ!
ግንቦት የጀመረው እስከ ጥቅምት ሲቀዳ።

ስትጀምር ጠባሳ፣ የብርጭቆ ቂጥ ታህል፣
ጠርዟ ቡናማ፣ መሃሏ ጢስ የሚመስል፤
ሰነበተች፣ ሰሃን ሆነች፤ ከረመች፣ ሰፌድ አከለች፣
ኖራውን እንደ ቅርፊት እየላጠች ጣለች።
ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጋታው ጢም አወጣ፣
የልጅ ልጄ የሪሐና ሳል እየባሰ መጣ።
አንድ ማታ ሶኬቱ ተንጣጣ፣ ጢስ ተፋ፤
አምፖሉ ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ጠፋ።
ቋሚውን በጣቴ ብጫነው፣ እንደ ዳቦ ገባ፤
ምስጥ ለካ ሳይጠራ መጥቶ፣ ተዋልዶ ረባ።

«የአባ ቢያ ሥራ ነው!» አልኩ፣ «የጎረቤቴ አሸንዳ!
የጣሪያውን ውኃ በእኔ ላይ የሚቀዳ!»
ሁለት ክረምት ሙሉ ሰላምታ ነፈግኩት፣
ለዒድ የላከውን ሳህን ከነክዳኑ መለስኩት፤
ሽማግሌ ፊት አቆምኩት፣ ቀበሌ ከሰስኩት።
እሱ ግን ቃል ሳይመልስ፣ መሰላል ተሸክሞ ዞረ፣
አሸንዳውን ፈትቶ ወደ ጓሮው አዞረ።
ግድግዳዬ ግን ያው፤
ሲያለቅስ ነው ያደረ።

በመጨረሻ ነዚፍ መጣ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣
ከመፍቻው ይልቅ ጆሮው ነው መሣሪያው።
ግድግዳውን አንኳኳ፣ እንደ ሐኪም አዳመጠ፣
በርጩማዬን ስቦ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።
«አዴ ዘሐራ፣ ጥር ላይስ? በዚያ ሁሉ ጠራራ
ይረጥባል?»
ዝም አልኩ።
ይረጥባል።
«ውኃ በፈረቃው፣ ሌሊት ሲመጣስ፣ እዚህ ጋ
ሽው የሚል ነገር አይሰማሽም?»
ይሰማኛል።
አይጥ ነው ብዬ ነበር።

ፎቶውን አወረደው። የመኪዩን። የባሌን።
አቧራውን በክንዱ ጠርጎ አስታቀፈኝ ፍሬሙን።
ከሥሩ ምስማሯ፣ ዝገት የበላት፣ ቀይ፣
ከአንገቷ ክር የሚያህል ውኃ ሲወርድ ታይ።
የሰደቃው ማግስት፣ በገዛ መዶሻዬ፣
ዓይኔን እንባ ጋርዶት የመታኋት፣ ወዬ!
ኖራውን አልፋ፣ ጭቃውን አልፋ፣ ቧንቧውን ወግታ፣
ቀዳዳዋን ራሷ ደፍና ስንት ጊዜ ቆይታ፣
ዝገት ሲያሳሳት ነው ውኃው መንገድ ያገኘው።
ገጣሚ ቤት ይመታል ሲሉ እሰማ ነበር፤
እኔም ቤቴን መታሁ፣
በባለ ስምንት ምስማር።

ነዚፍ ቧንቧውን ቆርጦ ቀጠለ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣
«ሳይደርቅ እንዳትለስኚው፤ ወር ይጠብቅ» አለ።
እኔ ግን ያን ቀን ማታ፣ ሳህን በነጠላ ሸፍኜ፣
የአባ ቢያን በር መታሁ፣ ቃሌን በሆዴ አጥንቼ።
ወጣ። አየኝ። ሰማዩን አየ። ደመና ከብዶታል።
መሰላሉ አሁንም ከግድግዳው ተደግፏል።
አፌን ሳልከፍት በፊት፣ በለሆሳስ እንዲህ አለኝ፦
«አሁን ደግሞ ወዴት ላዙረው? ንገሪኝ።»