ከሌሊቱ ዘጠኝ

ሻርጃ። ይግባኝ ሰሚ ችሎት። ማቀዝቀዣው ያጓራል፤
ውጭ የጫማ ሶል ይቀልጣል፣ እዚህ ብርዱ ጣት ያስራል።
ሉባባ አጠገቤ ቆማለች፣ የውሰት አባያዋ ረዝሞባት፣
ጫፉን በተረከዟ ረግጣ፣ አንድ ሰው የሚገፍፋት መስሏት።
ዳኛው ያነባሉ፤ ዐረብኛው ሲነበብ ያምራል፣ ይፈስሳል፤
የኔ አማርኛ ዘግይቶ፣ እያነከሰ ይደርሳል።

«ተሻረ» አልኳት መጨረሻ ላይ።
«ሻረ?» አለችኝ ቀና ብላ።

በሐርቡ፣ በነሉባባ ሰፈር፣ የሚሽር ቁስል ነው፣ ሌላ ምን አለ፤
ወባ የጣለው ሰው ነው፣ ላብ አጥምቆት ሻረ የተባለ።
ፊቷ ወገግ አለ፤ አንድ አፍታ፣ ከዐይን ጥቅሻ ያነሰች፤
ምነው ያቺን «ተ» በዋጥኳት፣ ጉሮሮዬ ውስጥ በቀረች።

ዐሥር ዓመት ተፈርዶበት ነበር። አሁን ወንድሞቹ ትከሻውን ይስማሉ።
ምክንያት? «ቃሏ ከማስረጃው ይጋጫል» ይላሉ።
ዘጠኝ ሰዓት ብላለች፤ በዘጠኝ ሰዓት እሱ ሠርግ ቤት ነበረ፤
ፎቶ አለ፣ ኬክ ሲቆረስ፤ ዐሥራ አራት ሰው መሰከረ።

ያን ለት ፖሊስ ጣቢያ ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ።
«ከሌሊቱ ዘጠኝ» አለች፤ እኔም አልኩ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤
ስድስት ሰዓት ብቻ በላሁባት።

ዘጠኝ ማለት በእሷ አቆጣጠር፣ ሱብሒ ሲቃረብ ነው፤
ሠርገኛው ተበትኖ ሲያበቃ፣ የግቢው መብራት ሲጠፋ፣
ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለው፣ ቁልፍ አልባው በር ሲገፋ።

ሮጥኩ ወደ ጸሐፊው። ማኅተሙን በጨርቅ እያደረቀ፣
«መዝገቡ ተዘግቷል» አለኝ፤ «ይኼ ያኔ ለምን አልተጠየቀ?»
ሰበር አለ፤ ጠበቃው በጣቱ ቀን ይቆጥራል፤
የሉባባ መኖሪያ ፈቃድ ግን ከቀጠሮው ቀድሞ ያበቃል።

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች፣ የውሃ ጠርሙሷን ክዳን እያዞረች፤
«የእሱ እስር ለኔ ምኔ ነው? አልበላው፣ አልለብሰው» አለች።
«‹ዋሽታለች› ብለው ጻፉ አይደል? ይኼን ማን ይሽርልኛል?»
ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር። ዝም አልኩ።

ቆይታ፣
«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ።
ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዐሥር ይላል።
«አራት» አልኳት።