አረንጓዴው ክብ

ቅዳሜ ማታ ግድግዳዬን ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት፤
ጥጉን ብቻ፣ ከመጋረጃው ጋር፣ አነሳሁና ለቀቅሁት።
ሰኞ በማለዳ አከራዬ በሬን አንኳኩ፤
«ሳታስፈቅጂኝ?» አሉኝ፣ ስልካቸውን እየነካኩ።
ለካ አቶ ነዚፍ አባፊጣ፣ የሄርማታው ባለ ብዙ ቤት፣
«የጅማ ፍሬ ሰባት» ተብለው ይከተሉኝ ኖሯል፣
ያላንዲት አስተያየት።

ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፋ፤ ስልኬ ብቻውን በርቶ፣
ስምንት መቶ አርባ ተከታይ እንደ ምስር ተሰጥቶ፣
ጠጠር ለቀማ ያዝኩ።
የተማሪዎቼ እናቶች? ይቆዩ፤ እንጀራዬ ነው።
ሳሙና የሚሸጠው ልጅ? ይቆይ፤ እሱ የሚያየው ሳሙናውን ነው።
ፊት የሌለው፣ ስሙ ቁጥር የሆነ፣ ይውጣ።
የእጮኛዬ አክስት ትውጣ። ምክንያቱን አልጽፍም፤ የመጣ ይምጣ።

ዘቢዳ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።
በአንድ ዴስክ አራት ዓመት፤ ሳቋ ጉንጬ ላይ የከረመ።
ምስጢር ሲሰጧት ግን እንደ አዌቱ ናት፤ በክረምት ሞልታ፣
ከየጓሮው የወደቀውን ገበያ የምታደርስ አንገላታ።
አላባረርኳትም። ከአረንጓዴው ክብ፣ ከ«ቅርቦቼ» መሐል፣
ቀስ ብዬ አወጣኋት። በር አልጮኸ፤ «ማን ይነግራታል?»
አልኩና ተኛሁ።

ሐሙስ ከገበያ ስመለስ የጅማ ዝናብ፣ እንደ ልማዱ፣
ሳያስጠነቅቅ ወረደ፤ ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ነጎዱ።
የበርጩማ ጠራቢው ቆርቆሮ ሥር ሮጬ ተጠጋሁ፤
ዞር ስል ዘቢዳ። ትከሻዋን በትከሻዬ ነካሁ።

«ቀለሙ ጠፋብኝ» አለች፣ ዝናቡን እያየች።
«የምን ቀለም?»
«ስምሽን የሚከበው። አረንጓዴ ነበርሽ፤
ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ ለኔም እንደ ማንም ሮዝ ሆነሽ ቀረሽ።»

ምን እላለሁ? እዚህ ቆርቆሮ ሥር መከለያ ቁልፍ የለ፤
ያልመረጥኩት ሁሉ ተገልጧል፣ ዘንቢሌ አፉን ከፍቶ ስላለ፤
ሩብ ኪሎ ሽንኩርት፣ ሁለት ድንች፣ አንዲት ቲማቲም።
የአንድ ሰው ራት። ይህን ለማንም፣ ለማንም አልለጠፍኩም።

አየችው። አነበበችው። ከንፈሯ ሊከፈት ሲል ተመለሰ፤
ዓይኗን ወደ ጎርፉ አዞረች፤
«ድንች ጨመረ አይደል?» አለች፣ ድምጿ ለሰለሰ።

ጃንጥላዋን ዘረጋች። ግማሹን ለኔ፤ ግራ ትከሻዋ ረጠበ።
አሁን ሌሊት ነው፤ ጣቴ ስሟ ላይ፣ ከክቡ ደጃፍ እንደ ቀረበ።
አልመለስኳትም። አልተውኳትም።
ከመስኮቴ ማዶ አዌቱ ሞልቷል፤ ድምፁ አላስተኛኝም።